ቫይረስ፣ የቆዳ ሊምፎማ እና የ1985ቱ የደም ናሙናዎች፦ የአንድ ጥያቄ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ ከቆዳ የሚጀምር የሊምፎማ ዓይነት በቫይረስ ምክንያት ሊመጣ ይችላልን? እኔ የሕክምና ታሪክ አጥኚ እንጂ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ጥያቄውን የምመረምረው በታሪክ መንገድ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ ጠየቀው? ምን መልስ ተገኘ? የተሳሳተው መልስስ በማን ላይ ወደቀ? የመጨረሻው ጥያቄ ከአገራችን ሰዎች ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሁለት ዓይነት ቫይረስ

የድሬዳዋ ሰው ስለ ቫይረስ ትምህርት የወሰደው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰውነቱ ነው። በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በዚህች ከተማ ተከሥተዋል። በሁለተኛው ወረርሽኝ ከቀፊራ ገበያ እስከ ከዚራ ድረስ መገጣጠሚያው ያልተያዘ፣ ወይም የተያዘ ዘመድ ያልነበረው ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። እነዚህ ቫይረሶች የሚሠሩት በግልጽ ነው። ትንኝ ትነድፋለች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳት ይነሣል፤ ምክንያትና ውጤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ይጠብቃል። ለዚህም ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ አለ። በልጅነቱ ጉድፍ የወጣበት ሰው ከአርባና ከአምሳ ዓመት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሊወጣበት ይችላል። የሁለቱ በሽታዎች ቫይረስ አንድ ነው፤ በመካከል ያሉትን ዓመታት በነርቭ ውስጥ ተኝቶ አሳልፏል። ከካንሰር ጋር የሚገናኙት ቫይረሶች በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። መያዙ በልጅነት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው የሚታየው በስድሳ ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ከተያዙት መካከልም የሚታመሙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ምክንያትን ከውጤት ጋር ማገናኘት ከባድ ነው፤ በስሕተት ማገናኘት ግን እጅግ ቀላል ነው። የዛሬው ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተጓዘ ነው።

፪. ስሙ ከየት መጣ?

ከቆዳ የሚነሡ የቲ ሕዋስ ሊምፎማዎች ዋነኛው «ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ» ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው የፓሪሱ የቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል ሐኪም ዣን ሉዊ አሊቤር ሲሆን፣ ጊዜው 1806 ነው። በሕመምተኛው ቆዳ ላይ እንደ እንጉዳይ ያበጡ ዕጢዎችን አየ፤ ስሙም ከዚያ መልክ ተወሰደ። ፈንገስ ግን በነገሩ ውስጥ የለም። ልብ ልንለው የሚገባው አሊቤር በመጀመሪያ በሽታውን በሞቃት አገሮች በንክኪ ከሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ጋር ማዛመዱን ነው። «ይህ ነገር ከውጭ የገባ ተላላፊ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ከስሙ ጋር አብሮ ተወልዷል ማለት ነው።

በ1870 ኧርነስት ባዛን የበሽታውን ሦስት ደረጃዎች ለየ፤ በመጀመሪያ ጠፍጣፋ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ ከፍ ያለ ጠጣር ንጣፍ፣ በመጨረሻም ዕጢ። በ1938 አልበር ሴዛሪ ከባልደረባው ጋር ቆዳው በሙሉ የሚቀላበትንና ያልተለመዱ ሕዋሳት በደም ውስጥ የሚገኙበትን መልክ አሳወቀ። በ1970ዎቹ ደግሞ የእነዚህ በሽታዎች ሕዋሳት ቲ ሊምፎሳይቶች መሆናቸው ታወቀ፤ «የቆዳ የቲ ሕዋስ ሊምፎማ» የሚለው የጋራ መጠሪያም ያን ጊዜ ተለመደ።

ይህ ስያሜ ጠቃሚ ቢሆንም አንድ አደጋ ይዞ መጣ። በአንድ ጃንጥላ ሥር ብዙ በሽታዎች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ ቫይረስ ሲገኝበት፣ ቫይረሱ የጃንጥላው ሁሉ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ሆነ።

፫. ከዶሮ እስከ ኪዩሹ

ካንሰር በቫይረስ ሊመጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ በዶሮ ተጀመረ። በ1908 ኤለርማንና ባንግ የተባሉ ዴንማርካውያን የዶሮ ሉኬሚያን ሕዋስ በሌለው ፈሳሽ ከዶሮ ወደ ዶሮ አስተላለፉ። በ1911 ፔይተን ራውስ በኒውዮርክ የዶሮን ጠጣር ዕጢ በተመሳሳይ መንገድ አሻገረ። ራውስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ1966 ነው፤ ዓለም እስኪያምነው ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው።

በሰው ላይ መንገዱን የከፈተችው አፍሪካ ናት። በዩጋንዳ የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ዕጢ በ1958 አሳተመ። ከዚያም ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በመኪና ረጅም ጉዞ አድርጎ ዕጢው የት እንዳለና የት እንደሌለ በካርታ አሰፈረ፤ ካርታው ከሙቀትና ከዝናብ፣ በኋላም ከወባ ጋር ተዛመደ። በ1964 ኤፕስተይን፣ አቾንግ እና ባር ከዚህ ዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ዛሬ ኤፕስተይን-ባር የሚባለውን ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። የበርኪት ሥራ ለኛ ጉዳይ ሁለት ነገር አስተምሯል፤ የሊምፎማ ካርታ ስለ ምክንያቱ ሊናገር እንደሚችል፣ ቫይረስ ብቻውንም ብዙ ጊዜ እንደማይበቃ።

ሁለተኛው ካርታ የተሳለው በጃፓን ነው። በ1977 ኡቺያማ፣ ታካትሱኪ እና ባልደረቦቻቸው ከኪዮቶ 16 ሕሙማንን ገለጹ። በሽታው ጎልማሶችን የሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ የሚታይና ፈጥኖ የሚገድል የቲ ሕዋስ ሉኬሚያ ነበር። ሐኪሞቹ የሕሙማኑን የትውልድ ስፍራ ጠየቁ። ከ16ቱ 13ቱ የተወለዱት በደቡብ ምዕራብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት ነበር። ኪዮቶ ውስጥ የሚታከም ሰው በሽታውን ከልጅነት አገሩ ይዞት ከመጣ፣ አንድ የሚጠብቅ ነገር በውስጡ አለ ማለት ነው። ለተማሪዎች ደጋግሜ የምናገረው ይህንን ነው፤ ያ ግኝት የተጀመረው በውድ መሣሪያ ሳይሆን «ትውልድዎ የት ነው?» በሚል ጥያቄ ነው።

፬. 1980፦ ትክክለኛው ቫይረስ፣ የተሳሳተው በሽታ

በዚሁ ዘመን በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሮበርት ጋሎ ቤተ ሙከራ ቲ ሕዋሳትን ከሰውነት ውጭ ማሳደግ ችሎ ነበር። በ1980 በርናርድ ፖይዝ፣ ጋሎ እና ባልደረቦቻቸው የቆዳ የቲ ሕዋስ ሊምፎማ አለበት ከተባለ አንድ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ሕዋሳት ውስጥ ሬትሮቫይረስ ማግኘታቸውን አሳወቁ። በሰው ላይ የተገኘ የመጀመሪያው ሬትሮቫይረስ ነው፤ ዛሬ ኤችቲኤልቪ-1 ይባላል።

በቀጣዩ ዓመት በጃፓን ሂኑማና ባልደረቦቹ ከ44 የጎልማሶች ቲ ሕዋስ ሉኬሚያ ሕሙማን በ44ቱም ሴረም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። በሽታው በሚበዛበት አካባቢ ከሚኖሩ ጤነኛ ጎልማሶች ደግሞ 26 በመቶው ተመሳሳይ ምልክት ነበራቸው። በ1982 ካቶቭስኪና ባልደረቦቹ በለንደን ከካሪቢያን የመጡ ጥቁር ሕሙማንን በዚሁ በሽታ መዘገቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጃፓኑና የአሜሪካው ቫይረስ አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ወሳኙን ማስረጃ መረዳት ያስፈልጋል። ሬትሮቫይረስ የራሱን ዘረ መል በሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ውስጥ ይሰካል፤ የሚሰካበትም ቦታ በእያንዳንዱ ሕዋስ የተለያየ ነው። በጎልማሶች ቲ ሕዋስ ሉኬሚያ ግን በአንድ ሕመምተኛ የዕጢ ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ቫይረሱ የተሰካው በአንድ ቦታ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ሕዋስ በቫይረሱ ተያዘ፣ ከዚያም ያ ሕዋስ ተባዝቶ ዕጢ ሆነ። ቫይረሱ ዕጢው ካደገ በኋላ የመጣ እንግዳ ቢሆን ኖሮ በየሕዋሱ የተለያየ ስፍራ በያዘ ነበር።

ይህ ማስረጃ ለአንዱ በሽታ ተሟላ። ለማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ግን አልተሟላም። የ1980ው ሕመምተኛ ራሱ በኋላ ሲታይ በሽታው የጃፓኖቹ ዓይነት እንደነበር ታመነበት። ቫይረሱ ትክክለኛ ነበር፤ የተለጠፈበት የበሽታ ስም ነው የተሳሳተው። ሆኖም «የቆዳ ሊምፎማ ቫይረስ ተገኘ» የሚለው አነጋገር በጽሑፎች ውስጥ ቀረ፤ የብዙ ተመራማሪዎችንም ጊዜ ወሰደ።

፭. የ1985 የደም ናሙናዎች

አሁን ወደ አገራችን ሰዎች እመጣለሁ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ባለው ጊዜ «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው የአየር ጉዞ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አብዛኞቹ ከጎንደርና ከአካባቢው በእግር የወጡ፣ በሱዳን የስደተኞች ሰፈር ረኃብን፣ ወባንና ሌላም በሽታ የቀመሱ፣ በመንገድ ላይ ዘመዶቻቸውን የቀበሩ ነበሩ። ሲደርሱ ደማቸው ተመረመረ፤ ይህ ከሩቅ ለመጣ ስደተኛ ሁሉ የሚደረግ ነው።

በ1985 «ኔቸር» በተባለው ዝነኛ ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ ከእስራኤል የተላከ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊዎቹ ቤን-ይሻይና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ርእሱ በቤተ እስራኤላውያንና በሌሎች የእስራኤል ማኅበረሰቦች ውስጥ ስለተገኘ የኤችቲኤልቪ-1 ፀረ እንግዳ አካል ይናገራል። ማኅበረሰቡን የጠራውም ማኅበረሰቡ ራሱ በማይወደው የቀድሞ ስም ነበር። የጽሑፉ ትርጉም ከባድ ነው። ቫይረሱ በእርግጥ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ተስፋፍቶ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ከኪዩሹና ከካሪቢያን ጋር በአንድ ካርታ ላይ ትሰፍራለች፤ የሊምፎማና የሉኬሚያ ሥጋትም በእያንዳንዱ ቤተሰብ ላይ ያንዣብባል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1986፣ በዚያው መጽሔት ላይ አብርሃም ካርፓስ፣ ማያን እና ራዝ መልስ ሰጡ። የጽሑፋቸው ርእስ ራሱ መደምደሚያ ነው፤ በእስራኤል በሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ የዚህ ቫይረስም ሆነ የኤድስ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል አለመኖሩን ይገልጻል። አንድ ማኅበረሰብ፣ ሁለት ምርመራ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሆናል? መልሱ የምርመራው ጠባይ ነው። የዚያ ዘመን የኤላይዛ ምርመራ የቫይረሱን ቅንጣቶች በሳሕን ላይ አጣብቆ፣ ከሴረሙ ውስጥ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን በቀለም ለውጥ ያሳያል። የሚጣበቀው ነገር ሁሉ ግን ለዚያ ቫይረስ የተሠራ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከወባና ከጥገኛ ትሎች ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ደም ብዙ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላትንና የእነርሱን ውሁዶች ይይዛል፤ እነዚህም ሳያገባቸው ይጣበቃሉ። በዚያው በ1985 ሮበርት ቢጋርና ባልደረቦቹ በ«ላንሴት» ባሳተሙት ጥናት፣ በጤነኛ አፍሪካውያን ዘንድ የሚታየው የኤላይዛ ምላሽ ከወባ ፀረ እንግዳ አካል መጠንና ከእነዚሁ ውሁዶች ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይተዋል። ስለዚህ ምርመራው የለካው በከፊል የወባን ታሪክ ነበር። በአውሮፓውያን ደም ላይ ተፈትኖ የተመረተ መሣሪያ በሌላ ሕይወት ውስጥ ያለፈ ደም ሲቀርብለት በስሕተት ተናገረ። ቆየት ብሎ የዌስተርን ብሎት ማረጋገጫና የዘረ መል ምርመራ ደንብ ሲሆኑ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ የአፍሪካ አኀዞች ብዙዎቹ ወደቁ።

ይህንን የማነሣው የመጀመሪያዎቹን ጸሐፊዎች ለመክሰስ አይደለም። በአዲስ መሣሪያ ያዩትን ጻፉ፤ ሌሎች ፈተሹት፤ ሳይንስ በዚህ መንገድ ይታረማል። ታሪክ አጥኚን የሚያሳስበው ግን እርማቱና ስሙ በእኩል ፍጥነት አለመጓዛቸው ነው። ለቤተ ሙከራ «ሐሰተኛ አወንታዊ» የሚለው ቃል የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ገና ቋንቋውን ላልለመደ፣ ሥራና ቤት ለሚፈልግ ስደተኛ ግን «ደማቸው ቫይረስ አለበት» የሚለው ወሬ ሌላ ነው።

ለዚህም ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በጥር 1996 «ማአሪቭ» የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ ኢትዮጵያውያን አይሁድ የሚለግሱት ደም ኤችአይቪን በመፍራት ብቻ ሳይነገራቸው እንደሚጣል ገለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ቁጣቸውን አሰሙ፤ ጉዳዩንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ መረመረው። ቫይረሱ ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ነው። አንዱ ሌላውን አመጣው አልልም። በሁለቱም ውስጥ ያለው የአስተሳሰብ መንገድ ግን አንድ ነው፤ የአንድን ሰው የምርመራ ውጤት ትቶ ለሕዝብ በሙሉ ውጤት መስጠት። ደምን ለወንድም መስጠት በባህላችን ታላቅ ነገር ነው። ያ ስጦታ በስውር ሲጣል ሰዎቹ የተሰማቸው ከሕክምና ስሕተት በላይ ነበር።

ከዚሁ ማኅበረሰብ የተገኘ ሦስተኛ ጥናት ደግሞ ትምህርቱን ያሟላልናል። ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው የቆዳ ዕጢ ሊምፎማ ባይሆንም የቅርብ ጎረቤት ነው፤ በ1872 ተገለጸ፣ ቫይረሱን በ1994 ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር አገኙት፤ ኤችኤችቪ-8 ይባላል። ይኸው ቫይረስ ከአንዳንድ ሊምፎማዎችም ጋር ግንኙነት አለው። በ2002 ግሮስማንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ቫይረሱ በከፍተኛ መጠን ቢገኝም ካፖሲ ሳርኮማ እንዳልታየ ገለጠ። ከ1985ቱ ጋር አስተያዩት። በመጀመሪያው ጉዳይ ቫይረሱ ሳይኖር አለ ተባለ፤ በሁለተኛው ቫይረሱ በእርግጥ አለ፣ የሚጠበቀው በሽታ ግን የለም። ከሁለቱ የምንማረው፣ «ተገኘ» ከሚለው ቃል እስከ «አመመ» ድረስ ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን ነው።

፮. ከዚያ በኋላ

ማይኮሲስ ፈንጎይዲስን ከኤችቲኤልቪ-1 ጋር የማገናኘቱ ሙከራ በ1990ዎቹ እንደገና ተነሣ። በ1995 በኒውዮርክ የዶሮቲ ዙከር-ፍራንክሊን ቡድን ከ50 የማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ሕሙማን በ46ቱ የቫይረሱን ቁራጭ ዘረ መል አገኘሁ አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጋሪ ውድና ባልደረቦቹ በአሜሪካውያን ሕሙማን ላይ ባደረጉት ምርመራ ቫይረሱ ሚና እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም፤ ሌሎችም ቡድኖች ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። የምርመራው ዘዴ አንዲትን የዘረ መል ቁራጭ ሚሊዮን ጊዜ የሚያባዛ ስለሆነ ትንሽ ብክለት ትልቅ ግኝት መስሎ ሊታይ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ወሳኝ ማስረጃ፣ ማለትም በዕጢው ሕዋሳት ሁሉ በአንድ ቦታ የተሰካ ቫይረስ፣ አልተገኘም።

ዛሬ ሚዛኑ እንዲህ ነው። ኤችቲኤልቪ-1 የጎልማሶች ቲ ሕዋስ ሉኬሚያና ሊምፎማ ምክንያት ነው፤ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ቆዳቸው ይነካል። በዓለም ላይ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰው ቫይረሱን እንደተሸከመ ይገመታል፤ ከተሸካሚዎቹ በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ካንሰር የሚይዛቸው 5 በመቶ ገደማ ናቸው። ኤፕስተይን-ባር ቫይረስ ደግሞ በቆዳ ላይ ከሚታዩ ጥቂት የሊምፎማ ዓይነቶች ጋር ተያይዟል። ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ግን የተረጋገጠ ቫይረስ የለውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ትኩረቱ ወደ ባክቴሪያ ዞሯል። በዴንማርክ የተደረጉ ጥናቶች በተቆራረሰ ቆዳ ላይ የሚራባው ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የሚያመነጨው መርዝ የዕጢ ሕዋሳቱን እንደሚያነሣሣ አሳይተዋል፤ በ2019 ደግሞ በሽታቸው በጠናባቸው ጥቂት ሕሙማን ላይ በአንቲባዮቲክ የተደረገ ጠንካራ ሕክምና የሕዋሳቱን እንቅስቃሴ ለጊዜው እንዳበረደ ተመዝግቧል።

ምክንያቱን በትክክል ማወቅ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፣ ናጋሳኪን ልጥቀስ። ኤችቲኤልቪ-1 በዋናነት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በጡት ወተት ነው። በዚያ ግዛት ከ1987 ጀምሮ እናቶች ተመርምረው፣ ተሸካሚ የሆኑት ጡት ከማጥባት እንዲታቀቡ ምክር ተሰጣቸው፤ መተላለፉ ከ20 በመቶ ገደማ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ። አሁን ይህንን ምክር ወደ 1985 መልሱትና አስቡት። ያ የተሳሳተ ውጤት ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን እናቶች ጡታቸውን ለልጆቻቸው እንዲከለክሉ በተመከሩ ነበር። ንጹሕ ውኃ በማይገኝበት ስፍራ ደግሞ ጡት መከልከል ራሱ ሕፃን ይገድላል። የቤተ ሙከራ ጥንቃቄ የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

፯. ጥያቄው በኛ አካባቢ

ይህ ታሪክ ለዚህ አካባቢ ሦስት ነገር ይነግረዋል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው የምርመራ ጉዳይ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቀላ ባለ ሳይሆን ነጣ ባለ ነጠብጣብ ነው፤ በወጣቶችም ላይ ይታያል። በአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ሥዕል በቀፊራ ገበያ መካከል ከሚያልፈው ሰው ቆዳ ጋር አይመሳሰልም። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ዐረብኛ በሚነገሩበት በዚያ ገበያ እያንዳንዱ ቋንቋ ለነጣ ቆዳ የራሱ ስም አለው፤ በአማርኛ ብቻ እንኳ ለምጽ፣ ቋቁቻ፣ ጭርት እንላለን። ስሙ መድኃኒቱን ይወስናል። ሰውየው ቅባቱን እየቀያየረ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሆስፒታል ሲደርስም ሌላ ስም ይጠብቀዋል፤ እርሱም ሥጋ ደዌ ነው።

የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሕክምና ከሥጋ ደዌ ጋር ረጅም ታሪክ አለው። የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1901 በሐረር የሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በጀርመኖች እርዳታ የቢሲዲሞ ማእከል ተመሠረተ። በአዲስ አበባ በ1965 የተቋቋመው አለርት ከሥጋ ደዌ ተነሥቶ የአገሪቱ ዋነኛ የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኗል። ይህ ቅርስ ታላቅ ነው። ሆኖም ዓይን የሠለጠነበትን ያያል። የነጣ ነጠብጣብ ሲታይ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ በሥጋ ደዌ ነጠብጣቡ ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል፣ በሊምፎማው ግን ስሜቱ እንዳለ ይቆያል። በሥጋ ደዌ መድኃኒት ያልተለወጠ፣ ያልደነዘዘ፣ ከፀሐይ በተሸፈነ የሰውነት ክፍል ላይ ያለ ነጠብጣብ ባዮፕሲ ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜም አንድ ባዮፕሲ አይበቃም፤ በወራት ልዩነት መደጋገም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የካርታ ጉዳይ ነው። አንትዋን ጌሳንና ኦሊቪየ ካሳር በ2012 ባሳተሙት የዓለም ግምገማ፣ ብዙ ሕዝብ ኖሯቸው ስለ ኤችቲኤልቪ-1 በቂ ጥናት ካልተደረገባቸው አካባቢዎች መካከል ምሥራቅ አፍሪካን ጠቅሰዋል። የ1985ቱ ስሕተት ሲወድቅ ካርታው ላይ የቀረው ባዶ ስፍራ ነው፤ ባዶ ስፍራ ደግሞ «የለም» ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ አለ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የሚመዘግበው የዋና ከተማዋን ነዋሪ ነው። በርኪት ካርታውን የሠራው በመኪናና በፎቶግራፍ ነበር። ታካትሱኪና ባልደረቦቹ የሠሩት በትውልድ ስፍራ ጥያቄ ነበር። በ1902 ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች፣ ከጅቡቲ፣ ከሶማሌ፣ ከሐረርጌና ከመሀል አገር ሰው የሚገናኝባት ከተማ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተመቸች ናት። እያንዳንዱ የሊምፎማ ካርድ ላይ ሕመምተኛው የሚኖርበት ቀበሌ ብቻ ሳይሆን የተወለደበት ወረዳና የእናቱ አገር ቢጻፍ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ያመሰግነናል።

ሦስተኛው የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ደም የሚሰጠን ሰው አምኖን ነው። ከደሙ የምናገኘው ቁጥር የእርሱ ብቻ ሳይሆን የወገኑ ሁሉ ስም ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማረጋገጫ ምርመራ ሳይደረግ የአንድን ብሔረሰብ ወይም የአንድን ሰፈር ስም በርእስ ላይ መጻፍ አይገባም። ይህ የምመክረው የጥናት ድፍረትን ለማቀዝቀዝ አይደለም። የ1986ቱ መልስ የተገኘውም በጥናት ነው፤ ሰዎቹን ከተሳሳተ ስም ነጻ ያወጣቸው ሌላ፣ የተሻለ ምርመራ ነበር። የኔ ቅሬታ በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ የናሙና ሰጪዎቹ ድምፅ አለመሰማቱ ነው። ደማቸው ሁለት ጊዜ ተፈትኗል፤ ስማቸው ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ ውጤቱን ማን በአማርኛ ወይም በትግርኛ እንዳስረዳቸው ግን በእነዚያ ገጾች ላይ አልተጻፈም።

ውድ ተማሪዎች፤ መነሻ ወደሆነው ጥያቄ ስመለስ መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አዎን፣ ቫይረስ በቆዳ ላይ የሚታይ ሊምፎማ ሊያመጣ ይችላል፤ ኤችቲኤልቪ-1 አምጥቷል፣ ማስረጃውም ጽኑ ነው። አይደለም፣ የቆዳ ሊምፎማ ሁሉ የቫይረስ ሥራ አይደለም፤ ዋነኛው ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲጠና ቆይቶ እስከ ዛሬ የተረጋገጠ ቫይረስ አልተገኘለትም። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሳይቀላቅሉ አብሮ መያዝ ቀላል ይመስላል፤ ከ1980 እስከ 1996 ድረስ ግን ታላላቅ ቤተ ሙከራዎችን አስቸግሯል። ከመካከላችሁ በጥቁር ቆዳ ላይ የሚታየውን ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ በዚህ አካባቢ ሕሙማን ፎቶግራፍና ባዮፕሲ አስደግፎ የሚጽፍ ቢነሣ፣ የጎደለውን የመማሪያ ገጽ ይሞላልናል።